ፒያሳ እየጠሩ ቦሌ መውሰድ

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በቀደም አንድ ወጣት ጻፈልኝ። ዳላስ ነው የሚኖረው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የማፍርበት ጥያቄ ነው» ብሎ ጀመረና ሦስት መስመር ሙሉ ካመነታ በኋላ አወጣው። የአዋቂዎች ድረ ገጽ በኮሚሽን ያስተዋውቃል። በአንድ ወር 4,000 ክሊክ ልኮ የገዙት 3 ሰዎች ብቻ ናቸው። «ሰው ለመግዛት የሚነካውን በተን ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ልቀይረው?» ይላል።

እኔ ፊት ማፈር አያስፈልገውም ነበር። እኔም በዚያ ሰፈር እንጀራ በልቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሎስ አንጀለስ ስገባ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ሳን ፈርናንዶ ቫሊ ውስጥ ነበር። ቫሊ ማለት በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የወሲብ ፊልም ሠፈር ማለት ነው። የተቀጠርኩበት ድርጅት ፊልም አይሠራም። ለእነዚያ ድረ ገጾች የካርድ ክፍያ ይሰበስባል። የእኔ ድርሻ ስልክ ማንሣት ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ «ምን ሥራ ያዝክ ልጄ?» ስትለኝ «ሒሳብ ነክ ነው እማዬ» አልኳት። ኢትዮጵያውያን በምንገናኝበት በፌርፋክስ መንገድ ቡና ላይ ለሚጠይቁኝም እንደዚያው። ውሸት አልነበረም።

ስልኩ የሚበዛው የካርድ መግለጫ ቤት በሚደርስበት ሰሞን ነው። አንዷን ሴትዮ እስካሁን አልረሳትም። ድምጿ ረጋ ያለ ነው። «ይህ 39 ዶላር ከ95 ሳንቲም የምንድነው?» አለችኝ። እኔ የድርጅቱን ስም እየነገርኳት ሳለ ከኋላዋ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። «ምን እንደሆነ አላውቅም! ካርዴ ተሰርቆ ነው!» ይላል። ፊቴ ባለው ስክሪን ላይ የተመዘገበበት ሰዓት አለ። በገዛ እጁ የጻፈው የቤቱ አድራሻም አለ። ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ምን ልበላት? «ገንዘቡን እንመልሳለን እሜቴ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ።

ያ ሽያጭ የአንድ አፊሊየት፣ ማለትም ገዢ ልኮ ኮሚሽን የሚያገኝ አስተዋዋቂ፣ ኮሚሽን ነበር። በማግስቱ ከሒሳቡ ላይ ተቀነሰ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ደንበኛው እኛ ጋ ደውሎ ከተመለሰለት ገና ደግ ነው። ባንኩ ጋ ሄዶ ከካደ ቻርጅባክ ይባላል። ድርጅቱ ገንዘቡን ይመልሳል፣ በላዩ ላይ መቀጫ ይከፍላል፣ ቁጥሩ ከበዛ ደግሞ የካርድ ኩባንያዎቹ ከነጭራሹ ያባርሩታል። አሜሪካን ኤክስፕረስ በ2000 ከዚህ ንግድ ጠቅልሎ ሲወጣ ቢሮአችን የለቅሶ ቤት መስሎ ነበር።

ቆይቶ አፊሊየቶቹን የሚከታተለው ክፍል አዛወሩኝ። እዚያ ኮንቨርዥን፣ ከተላከው ሰው ስንቱ እንደገዛ ማለት ነው፣ በመቶኛ አይነገርም ነበር። «1 ለ 300»፣ «1 ለ 1,000» ነው የሚባለው። ስንት ሰው ልከህ አንዱ ገዛ ለማለት። ክፍያውም ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ለእያንዳንዱ አዲስ ገዢ የተቆረጠ ገንዘብ ነው። ሌላው ደንበኛው በከፈለ ቁጥር ድርሻ መውሰድ ነው። በ3 ዶላር የሙከራ አባልነት ላይ ለአፊሊየቱ 30 እና 35 ዶላር የሚከፍሉ ድረ ገጾች ነበሩ። ሞኝ ሆነው አይደለም። ሙከራው ሲያልቅ ካርዱ ላይ በየወሩ እንደሚቆርጡ ያውቃሉ። አንዳንዶቹማ ቅጹ ግርጌ ላይ ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ትንሽ ሳጥን አስቀምጠው ሰውየውን ሳያውቀው ሌሎች ሁለት ድረ ገጾች ውስጥ ያስመዘግቡታል። በእኛ ቋንቋ ሿሿ ነው።

ሁለት ሰዎች ትዝ ይሉኛል። አንደኛው የቁጥር ጀግና ነበር። 150 ሰው በላከ ቁጥር አንድ ገዢ ያመጣል። ገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች «ነጻ» ይላል። ሁለተኛው 700 ልኮ ነው አንድ የሚያገኘው። ገጹ አሰልቺ ነገር ነው። ዋጋውን ጽፏል፤ ምን እንዳለ፣ ምን እንደሌለ፣ እንዴት እንደሚሰረዝም ጽፏል። በሥራ ባልደረቦቼ ዘንድ መሳቂያ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ግን የመጀመሪያው ሰው ደንበኞች እኔን ስልክ ላይ የሚሰድቡኝ ነበሩ። የሁለተኛውን ደንበኞች ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ዓመት ሳይሞላ የመጀመሪያው ተባረረ። ሁለተኛው በድርሻ ክፍያው ቤት ገዛ።

የመጀመሪያው ሰው ብልሃት የእሱ ብቻ አልነበረም። ክሬሰንት ፐብሊሺንግ የሚባል ኩባንያ «ጉብኝቱ ነጻ ነው፣ ካርዱን የምንጠይቀው ዕድሜ ለማረጋገጥ ነው» ብሎ በካርዱ ላይ በየወሩ ሲቆርጥ ተገኘ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በነሐሴ 2000 ከሰሰው። በ2001 በ30 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። በ2010 ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ውሉን በግልጽ ሳያሳዩ ካርድ ላይ እየደጋገሙ መቁረጥን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ስለ ዶላሩ ብቻ አይደለም የማወራው። ያን ጊዜ «ኮንቨርዥን ማሻሻል» ብለን ከተማርነው ግማሹ ዛሬ ክስ ነው።

ወደ ዳላሱ ልጅ ልመለስ። ገጹን በስልኬ ከፈትኩት። በተኑ አረንጓዴ ነው፣ ደህና በተን ነው። «ነጻ» የሚለውን ቃል ቆጠርኩ፤ ሰባት ጊዜ። ስነካው የሄድኩት ክፍያ ወደሚጠይቅ ገጽ ነው። የታክሲ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ሰው ጭኖ ወደ ቦሌ ቢታጠፍ ምን ይሆናል? ታክሲው ሞልቷል። ሒሳብ የሚከፍል ግን የለም። 4,000 ክሊክ ማለት ፒያሳ ብለው የተሳፈሩ 4,000 ሰዎች ናቸው። የበተን ቀለም እዚያ ላይ ምን ይሠራል?

ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅኩት ሰዎቹ የት ጋ እንደሚወርዱ ነው። በሩ ላይ ነው? ዋጋውን ሲያዩ ነው? ካርድ ጽፈው ባንኩ ሲመልሳቸው? እያንዳንዱ መድኃኒቱ ሌላ ነው። እሱ ማየት የሚችለው ክሊክንና ሽያጭን ብቻ ነበር። ኮሚሽኑን የሚከፍልህን ፕሮግራም ኃላፊ ጠይቅ አልኩት፤ ከላክኋቸው ስንቱ ቅጹን ጀመሩ፣ ስንቱስ ጨረሱ ብለህ። ይነግሩሃል። ካልነገሩህ ሌላ ፕሮግራም ፈልግ።

እሱ ደግሞ ቴክሳስ ነው ያለው። አሁን ብዙ ሰው የሚወርደው በሩ ላይ ነው። ሉዊዚያና በ2023 መጀመሪያ ላይ ዕድሜን በማስረጃ የማረጋገጥ ግዴታ አመጣች፣ ቴክሳስም ተከተለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2025 የቴክሳሱን ሕግ አጸና። ብሪታንያ በሐምሌ 2025 ተመሳሳዩን ማስፈጸም ጀመረች። መታወቂያ ሲጠየቅ ጎብኚው ዘወር ብሎ ይሄዳል። ኮንቨርዥኑ ይወርዳል። ይውረድ! እኔ አያት ነኝ፤ በሩ ላይ ዘበኛ በመቆሙ ደስ ብሎኛል። ዘበኛውን የሚያስዘልል ብልሃት የሚሸጥላችሁ ሰው ከመጣ ከእሱ ጋር ቡና እንኳ አትጠጡ። ይልቅ ቁጥራችሁን በየአገሩና በየግዛቱ ለይታችሁ ተመልከቱ። አንድ ላይ ደባልቃችሁ ካያችሁ ደህናውን ገጽ መጥፎ ነው ብላችሁ ታፈርሳላችሁ።

የካርዱም ነገር እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ ሆነው ማንኛውንም የውጭ ዕቃ በአማርኛ የሚያስተዋውቁ ልጆች «ተመልካች ሞልቶ ገዢ የለም» ይሉኛል። ተመልካቹ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ከሌለው በምን ይግዛ? የአማርኛ ተመልካቻችሁ ስንቱ አዲስ አበባ፣ ስንቱ ሪያድ፣ ስንቱ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደሆነ ሳታውቁ ስለ ኮንቨርዥን ማውራት ከንቱ ነው።

ስለ አዲስ አበባ ካነሣሁ አንድ ነገር ልበል። አገር ቤት ሆናችሁ ይህን የአዋቂዎች ዘርፍ አትሞክሩት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 እንዲህ ያለውን ነገር የሚያሠራጨውን ብቻ አይደለም የሚቀጣው። ከማን፣ እንዴት እንደሚገኝ የሚያስታውቀውንም ይጨምራል። አፊሊየት ማለት እኮ ይኸው ነው፤ ከየት እንደሚገኝ የሚጠቁም ደላላ። ሥራውን ግን በሌላ ዕቃ ተማሩት። እኔም ከቫሊ ከወጣሁ ወዲህ የሻንጣና የጉዞ ዕቃ ደላላ ነኝ። የሒሳቡ ስሌት አንድ ነው።

ሙከራን በተመለከተ አጭር ነገር ነው ያለኝ። ከ4,000 ሰው 3 ከገዙ፣ ቀይ በተን አድርጋችሁ 5 ቢገዙ ምንም አልተማራችሁም። ዕድል ነው። ሳንቲም አሥር ጊዜ ወርውራችሁ ስድስቴ ዘውድ ቢወጣ ሳንቲሙ ጠማማ ነው አትሉም። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ሽያጩ ከመቶ በላይ እስኪሆን ታገሡ። የጎብኚያችሁ ቁጥር ለዚያ ካልበቃ ቀለም መሞከሩን ትታችሁ ትልልቁን ነገር አስተካክሉ፤ የገባችሁትን ቃል፣ ዋጋውን፣ የገጹን ፍጥነት። ጉግል በ2017 ባወጣው ቁጥር ገጽ ለመከፈት ከ1 ሰከንድ ወደ 3 ሰከንድ ሲዘገይ ጎብኚው ትቶ የመሄዱ ዕድል በ32 በመቶ ይጨምራል። የልጁ ገጽ በእኔ ስልክ እስኪከፈት ሻይዬን አማስዬ ጨርሻለሁ።

ኮሚሽን እንደምታገኙም ጻፉ። በአሜሪካ ሕጉ ያስገድዳችኋል። ባያስገድድም ሰው ደላላ መሆናችሁን ያውቃል፤ የሚያናድደው ስትደብቁት ነው። የካርድ መግለጫው ላይ የሚወጣው ስም ምን እንደሆነም ንገሩት። ይህች አንዲት መስመር ስንት ስልክ ታስቀር እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ።

ለልጁ ይህን ሁሉ ጻፍኩለትና «ነጻ የሚለውን አውጥተህ ዋጋውን ከላይ አድርገው» አልኩት። በዚያው ምሽት መለሰ። «ጋሼ፣ ዋጋውን ካሳየኋቸው ማን ክሊክ ያደርጋል?»

ግማሾቹ አያደርጉም አልኩት። ከዚያ እነዚያ የገዙት ሦስት ሰዎች ከወር በኋላ ስንቱ አባል ሆነው እንደቀሩ ጠየቅኩት። «ይህንንማ አይቼው አላውቅም» አለ። ሊያይልኝ ቃል ገብቷል፤ እየጠበቅኩ ነው።