ሌሊት እየጠበቀ የሚቀሰቅስ የአንድ ወገን ራስ ምታት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 36 ነው። በዓመት አንዴ፣ ለሁለት ወር ያህል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ሕመም ይቀሰቅሰኛል። ቀኝ ዓይኔ ሊወጣ የደረሰ ይመስለኛል፤ ይቀላል፣ ያነባል፣ በዚያው በኩል አፍንጫዬ ይደፈናል። አንድ ሰዓት ያህል ቤት ውስጥ ስንቆራጠጥ ቆይቼ ይተወኛል። ቤተሰብ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ አጠጣኝ፤ ክሊኒክ ሳይነስ ተብዬ አንቲባዮቲክ ወሰድኩ። አሁን አንድ ሐኪም ክላስተር ራስ ምታት ነው አለኝ። ውጭ ያለው ወንድሜ ደግሞ የሕክምና ካናቢስ ያድናል ይላል። ምን ይሻለኛል? (ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የነገሩን ምልክት ከክላስተር ጋር በደንብ ይገጥማል። ሕመሙ ካልታከመ ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል፤ በቀን እስከ 8 ጊዜም ሊመላለስ ይችላል። ማይግሬን የያዘው ሰው ጨለማ ክፍል ገብቶ መተኛት ይፈልጋል፤ ክላስተር ግን አያስቀምጥም። ሳይነስም ቢሆን በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ አይሄድም። ያም ሆኖ ሌላ ችግር አለመኖሩን ለማረጋገጥ አንድ ጊዜ የጭንቅላት ኤምአርአይ መነሳት ተገቢ ነው።

ሕመሙ ሲነሳ ፓራሲታሞልም ዳይክሎፌናክም እስኪሠሩ ሕመሙ ራሱ አልፎ ይሆናል። ቀዳሚው መድኃኒት ኦክስጅን ነው፤ ብዙ ሰው «ሞክሬው አልሠራም» የሚለው ግን አሰጣጡ ስለሚሳሳት ነው። በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ 3 ወይም 4 ሊትር መስጠት ምንም አይፈይድም። የሚያስፈልገው ከረጢት ያለው፣ ፊት ላይ ጥብቅ የሚል ማስክ ሲሆን መጠኑም በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ሊትር ነው። ሕመሙ እንደጀመረ ወዲያው፣ ቁጭ ብለው፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሳቡ። ከረጢቱ ሲተነፍሱ ሙሉ በሙሉ ከተሟጠጠ ፍሰቱ አንሷል ማለት ነው። በደቂቃ 5 ሊትር ብቻ የሚሰጥ የቤት ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚለይ መሣሪያ) አይበቃም፤ ሲሊንደር ከተከራዩም ሬጉሌተሩ (የፍሰት መቆጣጠሪያው) 15 ሊትር መድረሱን ሳያዩ አይውሰዱ። 680 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ12 ሊትር ፍሰት ለ15 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ያገለግላል። የከሰል ምድጃ፣ ሻማና ሲጋራ ባለበት ክፍል ግን በፍጹም አይክፈቱት።

ሌላው አማራጭ ከቆዳ ሥር የሚወጋ 6 ሚሊግራም ሱማትሪፕታን ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ኪኒኑ ይዘገያል። የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ ደም ግፊት ላለበት አይሰጥም፤ ካፌርጎት የተባለውን የማይግሬን ኪኒን ከወሰዱም 24 ሰዓት ሳይሞላ አይወጉ።

ሕመሙ የሚመላለስበት ወቅት እንደገባ መከላከያ መጀመር አለበት፤ የተለመደው ቬራፓሚል ነው። ብዙ ጊዜ 80 ሚሊግራም በቀን ሦስቴ ተጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይጨመራል። የልብ ምት ሊያዘገይ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ይነሱ። እሱ እስኪሠራ ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ሊያዝ ይችላል፤ ስኳር ካለብዎ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ታመው ከነበረ አስቀድመው ይንገሩት።

ወደ ካናቢሱ ስንመጣ፣ ወንድምዎ አስቦልዎት ነው፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። በ2013 በወጣ የፈረንሳይ ጥናት ሕመሙን ለማስታገስ ከሞከሩት 27 ታካሚዎች 7ቱ ረድቶናል አሉ፤ 14ቱ ውጤቱ አንድ ዓይነት አልሆነላቸውም፣ 6ቱ ጎዳን አሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ በወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው። ኦክስጅኑና ቬራፓሚሉ በትክክል ሳይሞከሩ እሱን መፈለግ አንመክርም።

ወቅቱ እስኪያልፍ ጠጅ፣ አረቄም ሆነ ቢራ አይቅመሱ፤ አንድ ብርጭቆ እንኳ ሕመሙን በሰዓት ውስጥ ሊያስነሳ ይችላል። ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ የእጅና እግር መዛል ወይም የእይታ መቀነስ ከመጣ፣ ወይም ሕመሙ እስከዛሬ ከለመዱት ፈጽሞ ከተለየ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።