ሽጉጥ ይዞ ወደ ጋን ሾው፦ የመያዣ ፈቃድ ለሌላችሁ ጥያቄና መልስ

ሻንቲሊ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የጦር መሣሪያ ትርኢት (ጋን ሾው) በመጣ ቁጥር ስልኬ ፋታ አይሰጠኝም። «ሽጉጥ አለኝ፣ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ግን የለኝም። ልሸጠው ነበር፤ እንዴት አድርጌ ልውሰደው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄዎቹን ሰብስቤ እዚሁ ልመልስ ብያለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ትርኢቱ ላይ ጠረጴዛ ይዤ የምሸጥ የምለውጥ ሰው ነኝ። የምናገረው ስለ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ብቻ ነው፤ ዓመታቱም በፈረንጆች ናቸው። የቨርጂኒያ አዳዲስ ሕጎች በአብዛኛው ጁላይ 1 ሥራ ላይ ስለሚውሉ፣ ከመውጣታችሁ በፊት የግዛቲቱን ፖሊስ ድረ ገጽ እዩ።

ጋሼ፣ ቤቴ አሌክሳንድሪያ ነው። ያለ ፈቃድ ሽጉጤን በመኪና ሻንቲሊ ድረስ ብወስደው ወንጀል ነው?

አይደለም፣ አቀማመጡን ካወቅክበት። ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ የመያዝ መብት ያለው ሰው በግል መኪናው ውስጥ፣ በሳጥን ወይም በሚዘጋ ቦታ አስቀምጦ መሄድ ይችላል። በ2013 የግዛቲቱ ይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ቀርቦለት፣ ግላቭ ቦክሱ (ከፊት ተሳፋሪው ፊት ለፊት ያለው መሳቢያ) ከተዘጋ ባይቆለፍም በቂ ነው ብሎ ወስኗል። ከመቀመጫ ሥር ወይም በጃኬት ኪስ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ያለ ፈቃድ ደብቆ መያዝ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ያመጣል።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን በግላቭ ቦክሱ አትተማመን። ባዶውን፣ በተቆለፈ ሳጥን፣ ትራንክ ውስጥ አድርገው። የፌዴራሉ ሕግ ከትምህርት ቤት 1,000 ጫማ ርቀት ውስጥ ፈቃድ የሌለው ሰው ሽጉጥ ይዞ ካለፈ፣ ጥይት የሌለበትና የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ያለ እንዲሆን ይፈልጋል። ከአሌክሳንድሪያ ሻንቲሊ ድረስ ስንት ትምህርት ቤት እንደምታልፍ አስበው። የአሥር ዶላር ቁልፍ ይህን ሁሉ ጣጣ ይዘጋልሃል።

«ባዶ» ስትል የጥይት ካዝናውን ማውጣት ብቻ ነው?

ኧረ በፍጹም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ካዝናው ወጥቶም አንዲት ጥይት ጎርሶ የሚቀር ሽጉጥ አለ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙር። ካዝናውን አውጣ። ከዚያ የላይኛውን ክፍል ወደ ኋላ ስበህ ያዝና ማጉረሻውን በዓይንህ እይ፣ ጨለም ካለ በትንሿ ጣትህ ዳስሰው። ጥይቱን ለብቻው በሌላ ሳጥን አድርግ፤ ከሽጉጡ ጋር አብሮ አይደር። ሾው በር ላይም ሠራተኞቹ ይህንኑ ያዩና የፕላስቲክ ማሰሪያ አስገብተው እንዳይተኮስ አድርገው ያስሩልሃል። የጎረሰ ሽጉጥ በር ላይ ማቅረብ እዚያ ካሉት ሰዎች ሁሉ ጋር ያጣላሃል።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ባለቤቴ «አንድ ወንዝ ነው የምትሻገሪው፣ ምን ያስጨንቅሻል» ይለኛል።

እህቴ፣ ለባለቤትሽ ወንዙ ቀላል እንዳልሆነ ንገሪልኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ማጓጓዝ በመሠረቱ ክልክል ነው፤ የተፈቀደው በሕጉ ተዘርዝሮ የተቀመጠው ብቻ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ ወደ ሕጋዊ መግዣና መሸጫ ቦታ መውሰድ፣ ወደ ጥገና መውሰድ፣ ወደ ተኩስ ልምምድ መሄድ፣ እንዲሁም ሰብሳቢ የሆነ ሰው ስብስቡን ለትርኢት ማንቀሳቀስ ይገኙበታል። ለነዚህ ሁሉ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በሚዘጋ ሳጥን ወይም ማኅደር ውስጥ መሆን አለበት።

እንግዲህ ልትሸጪው የምትሄጂ ከሆነ መንገድ አለሽ። ዞር ዞር ብለሽ ልታዪ ብቻ ከሆነ ግን ሽጉጡን ቤት ተይው፤ «እንዲሁ ይዤው መጣሁ» የሚል ምክንያት ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ሌላም አለ። አንቺ የሜሪላንድ ነዋሪ ስለሆንሽ ሽጉጡን ለቨርጂኒያ ተራ ሰው መሸጥ አትችዪም። የፌዴራል ሕግ ነው። ጠረጴዛ ይዞ ለተቀመጠ፣ የፌዴራል ፈቃድ ላለው ነጋዴ ግን መሸጥ ትችያለሽ። ትንሽ ይጎዳሻል፣ ነጋዴ አትርፎ ስለሚሸጥ። ቢሆንም ገንዘቡን ተቀብለሽ ወረቀቱን ይዘሽ ትገቢያለሽ።

ጂፒኤሱ በዲሲ በኩል ቢወስደኝስ?

እንዳትሰሚው! ከሲልቨር ስፕሪንግ 495 አውራ ጎዳናን ይዘሽ በአሜሪካን ሊጅን ድልድይ ከተሻገርሽ ዲሲን አትነኪም። መንገዱ ሲጨናነቅ ግን ጂፒኤሱ «አቋራጭ አገኘሁ» ብሎ በ16ኛው ጎዳና ሊያስገባሽ ይችላል። ዲሲ ውስጥ ሽጉጥ ሁሉ መመዝገብ አለበት፤ ያለ ፈቃድ መያዝ እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። የሚያልፍ መንገደኛን የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ የፌዴራሉ ከ1986 ጀምሮ የቆየ ነው፣ ዲሲም ተመሳሳዩን ጽፋለች። ግን ሁለቱም ቅድመ ሁኔታ አላቸው፦ መነሻሽም መድረሻሽም ላይ ሕጋዊ መሆን፣ ሽጉጡ ባዶ መሆን፣ ሽጉጡም ጥይቱም ከተሳፋሪው ክፍል እጅ የማይደርስበት መሆን። መኪናሽ ለብቻው የተከፈለ ትራንክ ከሌለው፣ እንደ ኤስዩቪ ማለት ነው፣ በተቆለፈ ሳጥን ይሁን። ግላቭ ቦክስና የመካከሉ ኮንሶል አይቆጠሩም፣ ቢቆለፉም።

ኦክሰን ሂል ያላችሁ ደግሞ በውድሮው ዊልሰን ድልድይ ስትሻገሩ መካከሉ ላይ ለአጭር ርቀት ዲሲ ውስጥ ናችሁ። ምልክቱን ብዙ ሰው አያየውም።

መንገድ ላይ ፎልስ ቸርች ቆም ብለን ምሳ ብንበላስ?

ክትፎው ከሾው በኋላ ይደርሳል። ሬስቶራንት ደጅ ከቆመ መኪና ሽጉጥ መስረቅ ለሌባ የደቂቃ ሥራ ነው። ነዳጅ ቅዱ፣ ሽንት ቤት ግቡ፣ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። እሑድ ከቅዳሴ በዚያው ለመሄድ ያሰባችሁም አላችሁ። ቨርጂኒያ ያለ በቂ ምክንያት መሣሪያ ይዞ ጸሎት ቦታ መገኘትን ትከለክላለች። ቅዳሜ ሂዱ።

ፖሊስ ቢያስቆመኝ ምን ልበል?

ሞተሩን አጥፋ፣ እጆችህን መሪው ላይ አድርግ፣ እስኪጠይቅህ ጠብቅ። መሣሪያ አለ ወይ ካለህ እውነቱን ተናገር፦ «አዎ፣ ትራንክ ውስጥ ተቆልፎ አለ፣ ባዶ ነው፣ ወደ ጋን ሾው እየሄድኩ ነው።» በቃ። መኪናውን ልፈትሽ ካለህ በትሕትና አልፈቅድም ማለት መብትህ ነው።

ግላቭ ቦክሱን የምጠላው ለዚህም ነው። ፖሊሱ የመኪናውን ወረቀት ይጠይቅሃል። ወረቀቱ እዚያ ነው። ትከፍተዋለህ፣ ሽጉጡ ከላዩ ተጋድሟል። በዚያች ቅጽበት የፍርድ ቤት ውሳኔ የሚያነብልህ ሰው የለም።

ከፓርኪንጉ እስከ በሩ ድረስስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። የመኪናው ሕግ ከመኪና ስትወርድ ያበቃል። ቨርጂኒያ ባዶና በደንብ የተጠቀለለ መሣሪያን ወደ መግዣ ወይም ወደ ጥገና ቦታ መውሰድን ትፈቅዳለች፤ የተመዘገበ የሰብሳቢዎች ማኅበር አባል ደግሞ ወደ ትርኢት ሊወስድ ይችላል። አንተ ባዶውን በተቆለፈ ሳጥኑ፣ ሳጥኑን በእጅህ፣ ለሁሉም እየታየ ያዘው። ቦርሳ ውስጥ አትክተተው፣ ወገብህ ላይም አትሻጠው።

እዚያው ውስጥ አንድ ሐበሻ ጥሬ ገንዘብ ቢሰጠኝ መሸጥ እችላለሁ?

ጁላይ 1 ቀን 2020 ሥራ ላይ የዋለ የቨርጂኒያ ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ሽያጭም፣ ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የገዢው ታሪክ ማጣሪያ እንዲደረግለት አዝዞ ነበር፤ አሁን ያለበትን ከግዛቲቱ ፖሊስ ጠይቁ። እኔ ግን ወደ አንዱ ነጋዴ ሄዳችሁ አስጣሩ እላለሁ። «ያገሬ ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ» ማጣሪያ አይደለም።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ለኔ የተለየ ነገር አለ?

በሕጋዊ መንገድ መግዛትም መያዝም ትችላለህ። በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጠባብ ምክንያቶች ከሌሉት፣ አይችልም። ሌላ ዓይነት ወረቀት ያላችሁ ሽጉጥ ከመንካታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ።

ለአንተ ለየት የሚለው ቅጣቱ ላይ ነው። ዜጋ የሆነ ሰው በትራንክና በኪስ ልዩነት ቢያጠፋ ቅጣቱን ከፍሎ ይገላገላል። ዜጋ ያልሆነ ሰው በጦር መሣሪያ ጥፋት ከተፈረደበት፣ ጥፋቱ ትንሽ ቢመስልም፣ ራሱን የቻለ የመባረሪያ ምክንያት ነው። የአካባቢ ጠበቃ «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ በቅጣት ታልፋለህ» ቢልህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክር እሺ አትበል።

ጫት አልፎ አልፎ እቅማለሁ። ሽጉጥ ለመግዛት ቅጽ ስሞላ ይጠይቁኛል?

ቅጹ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ መሆንህን ይጠይቃል። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት ቁንጮ ነው። ቅጹ ላይ መዋሸት ራሱ ከባድ ወንጀል ነው። «ባህላችን ነው» የሚል ሳጥን የለውም።

አትላንታ ላለው ወንድሜ ሽጉጥ በአውሮፕላን ልውሰድለት?

መውሰድ ሌላ፣ መስጠት ሌላ። እሱ የጆርጂያ ነዋሪ ስለሆነ ዝውውሩ እዚያ ባለ ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት። በረራው ላይ ባዶ ሆኖ፣ በጠንካራ በተቆለፈ ሳጥን፣ ሻንጣ በምታስረክብበት ቦታ አሳውቀህ ይጫናል፤ ቁልፉ አንተ ጋ ይቆያል። የተሳፋሪ ፍተሻ አጠገብ እንዳትደርስ። በረራህ ደግሞ ቀጥታ ይሁን። በ2005 አንድ መንገደኛ ኒውዋርክ ላይ በረራ አምልጦት ሻንጣውን ተቀብሎ ሆቴል አደረ። ጠዋት ሽጉጡን ራሱ ሲያሳውቅ ታሰረ፤ ቆይቶ ቢከስም በ2010 ይግባኝ ፍርድ ቤቱ አልፈረደለትም፣ ሽጉጡ ሌሊቱን እጁ ስር ነበር ተብሎ። እንዲህ ካጋጠመህ ሻንጣህን አልቀበልም በል፣ ቅያሪ ልብስ ግዛ።