የአንባቢዎች ጥያቄ፦ «ከዘፍጥረት ጀምሬ ዘሌዋውያን ላይ እቆማለሁ»

በዚህ ሰሞን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ መጽሐፍ ቅዱስ ስለማንበብ ናቸው፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ፣ የመጀመሪያዋ ላይ ትንሽ ረዘም ብያለሁ ምክንያቱም እንደሷ ሚጨነቅ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፣ እኔ ካዛንቺስ ባንክ ውስጥ ነው ምሰራው። ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፣ እሁድ ቅዳሴ አይቀርብኝም፣ ቴሌግራም ላይ ደሞ ጥቅስ ሚለቁ ቻናሎች አሉኝ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ አነባቸዋለሁ። በቀደም ምሳ ሰዓት ላይ ግን አንድ የስራ ባልደረባዬ «ማቴዎስ ኢያሪኮ ላይ የተፈወሱት ሁለት ዕውሮች ናቸው ይላል፣ ማርቆስ አንድ ነው ሚለው፣ የቱ ነው ልክ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አፌ ተሳሰረ። ከዛ ቀን ጀምሮ ውስጤ ሰላም የለውም። ላንብብ ብዬ ከዘፍጥረት ስጀምር ደሞ ዘሌዋውያን ላይ ሁሌ አቆማለሁ። እምነቴ ደካማ ስለሆነ ነው? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ። የዕውሮቹን ነገር ቶሎ ልበልና ወደ ዋናው ልሂድ። ማቴዎስ ምዕራፍ 20 ላይ ሁለት ናቸው፣ ማርቆስ ምዕራፍ 10 ላይ ደሞ የጤሜዎስ ልጅ በርጤሜዎስ ብሎ አንዱን በስሙ ጠርቶ የሱን ታሪክ ነው ሚነግረን፣ «ሌላ ሰው አልነበረም» ግን አላለም። ሁለት ሰው ከነበረበት የአንዱን ብቻ መናገር ሐሰት አይደለም። እንዲያውም ሉቃስ 18ን ጨምሪበት፣ እዛ ደሞ ወደ ኢያሪኮ ሲቀርቡ ነው ይላል፣ ሌሎቹ ሲወጡ ይላሉ፣ ባልደረባሽ ነገ ይሄንን ይዞ ሊመጣ ይችላልና ቀድመሽ እወቂው። ሊቃውንቱ ይሄን ከጥንት ጀምሮ ያዩት ነገር ነው። አራቱን ወንጌል አንድ ላይ አድርጋ ለልጆቿ የሰጠች ቤተክርስቲያን ልዩነቱን ሳታይ ቀርታ አይደለም የሰጠችው፣ አንዱን ከሌላው ጋር ለማስተካከል ብላ ልዩነቶቹን አላጠፋቻቸውም፣ እኔን ይሄ ራሱ ያጽናናኛል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በየቀኑ ጥቅስ ማንበብሽ ጥሩ ነው፣ አትተዪው። ግን ጥቅሱን ማን ተናገረው፣ ለማን፣ ምን ሆነው ሳሉ ሚለውን ሳታውቂ ለዓመታት ስትይዢው፣ ሰው አንድ ጥያቄ ሲያነሳብሽ ምትቆሚበት መሬት ታጪያለሽ። ይሄ እምነትሽ ትንሽ ስለሆነ አይደለም፣ ያመንሽውን ነገር ከዳር እስከ ዳር ተከትለሽ ስላላየሽው ነው። ሉቃስ ወንጌሉን የጻፈለት ቴዎፍሎስ ሚባል ሰው ነበር፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ቁጥሮች ብቻ ዛሬ ማታ አንብቢያቸው። ቴዎፍሎስ ቀድሞ የተማረ ሰው ነው፣ ስለ ጌታ ምንም ሳይሰማ የቀረ አይደለም፣ ልክ እንዳንቺ። ሉቃስ ግን የተማርከውን ነገር እርግጡን እንድታውቅ ብዬ ሁሉን ከመጀመሪያው ተከትዬ በየተራው ልጽፍልህ አሰብኩ ነው ሚለው። መማር አንድ ነገር ነው፣ በተማሩት መጽናት ደሞ በየተራው ማንበብ ይጠይቃል ማለት ነው። ይሄ ቃል ላንቺ የተጻፈ ያህል ነው ሚሰማኝ።

ስለዚህ ከማርቆስ ጀምሪ። ከአራቱ አጭሩ ነው፣ 16 ምዕራፍ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስልክሽን ዘግተሽ ቁጭ ብለሽ ከዳር እስከ ዳር ምትጨርሺው ነገር ነው፣ መጀመሪያ እንደዛ አንብቢው፣ ያልገባሽ ቦታ ሳትቆሚ እለፊ። ከዛ ሉቃስ፣ ከሉቃስ ቀጥሎ ግብረ ሐዋርያት፣ እሱም ለዚሁ ቴዎፍሎስ የተጻፈ ሁለተኛ መጽሐፍ ስለሆነ አንድ ታሪክ ሆኖ ይቀጥልልሻል። ኦሪቱን ንቄ አይደለም፣ ዘሌዋውያን ላይ ያለውን የመሥዋዕት ሥርዓት ሳታውቂ ዕብራውያን መልእክት ላይ ብትደርሺ ግማሹ ያመልጥሻል፣ ግን ወንጌሉን ከያዝሽ በኋላ ስትመለሺበት ያ ሁሉ ደምና ዕጣን ወዴት እንደሚያመለክት ይገባሻል፣ ያኔ አታቆሚም።

ሁለተኛው ንባብ ደሞ በቀስታ ነው። እንዴት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ፣ የዐቢይ ጾም አራተኛው እሁድ መጻጉዕ ይባላል አይደል፣ ወንጌሉ ዮሐንስ 5 ነው። ቤተ ሳይዳ ምትባል አምስት መመላለሻ ያላት መጠመቂያ አለች፣ ውኃዋ ሲናወጥ ቀድሞ የወረደባት ይድናል፣ እዛ 38 ዓመት የታመመ ሰው ተኝቷል። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ይለዋል። አሁን እዚህ ጋ ቆም በይና መልሱን እይው። አዎ አላለም እኮ! «የሚያኖረኝ ሰው የለኝም፣ እኔ ስመጣ ሌላው ቀድሞኝ ይወርዳል» ነው ያለው፣ የተጠየቀው ሌላ የመለሰው ሌላ፣ የ38 ዓመት ብሶቱን ነው ያወጣው። ጌታም መልስህ ትክክል አይደለም አላለውም፣ ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ አለው። ትንሽ ወረድ በይና ቁጥር 13ን እይ፣ የዳነው ሰው ማን እንዳዳነው እንኳ አያውቅም ነበር። ቁጥር 14 ላይ ደሞ ጌታ ራሱ በመቅደስ አገኘው ይላል። ያን ሁሉ ዓመት ሰው የለኝም ሲል የነበረውን ሰው፣ ስሙን እንኳ ያልጠየቀውን ሰው፣ አዳኙ ተመልሶ አገኘው። «እምነቴ ደካማ ነው ወይ» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ፣ እኔ ከምመልስልሽ ይሄ ምዕራፍ ይመልስልሽ። ይሄንን እኮ በጥቅስ ፎቶ አታገኚውም፣ ከቁጥር 1 እስከ 15 ተከታትለሽ ስታነቢ ነው ሚታይሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። እሁድ ቅዳሴ አይቀርብኝም ብለሻል፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትደርሺ ግን አላውቅም። በቅዳሴው ውስጥ ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ከግብረ ሐዋርያት ይነበባል፣ ከዛ ምስባክ፣ ማለትም ከመዝሙረ ዳዊት የተመረጠ ጥቅስ፣ ይሰበካል፣ ከዛ ወንጌል። የየዕለቱ ንባብ ግጻዌ ሚባለው የንባብ ማውጫ መጽሐፍ ላይ አለ፣ አሁን በስልክም ይገኛል። ቅዳሜ ማታ አውጥተሽ በአማርኛ አንብቢውና ሂጂ፣ ግዕዙ ራሱ ጆሮሽ ላይ ሌላ ይሆንልሻል። አብዛኞቻችን ወንጌል ሊነበብ ሲል ነው ከበር ምንገባው፣ ንባቡ ያልፈናል፣ ከዛ ቤታችን ሄደን መጽሐፍ ቅዱስ አይገባኝም እንላለን።

ጥያቄ፦ እኔ ፒያሳ ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ በ2016 ሰፈራችን ሲፈርስ ቤተሰቤ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰው። ጊዮርጊስን ከቤቴ ሆኜ ደወሉን እሰማ ነበር፣ አሁን ሁለት ታክሲ ነው። ጎረቤቶቻችን ተበታተኑ፣ እናቴ ቡና ሚጠራት ሰው የለም። ጓደኞቼ ሁሌ ኤርምያስ 29፥11ን ይልኩልኛል፣ «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» ሚለውን። መጀመሪያ ያጽናናኝ ነበር፣ አሁን ግን ሳየው ያናድደኛል፣ እንደዚህ መሰማቱ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ እናትህ የጻፍከው ነገር ከልቤ አልወጣም። መናደድህን እዛው ለእግዚአብሔር ንገረው፣ መጽሐፉ ራሱ ያስተምርሃል፣ አሁን እመጣበታለሁ።

ጥቅሷን ግን ከቁጥር 1 ጀምረህ አንብባት። ደብዳቤ ነው። ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ሆኖ፣ ናቡከደነፆር ማርኮ ወደ ባቢሎን ለወሰዳቸው ሰዎች የላከው ደብዳቤ። ከዚህ ቀደም ያለው ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ ሚባል ነቢይ ነኝ ባይ ተነስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ ሕዝቡን አስደስቷል፣ ኤርምያስ ደሞ እግዚአብሔር አልላከህም ብሎታል። ከዛ ደብዳቤው መጣ፣ ቁጥር 5 ምን ይላል፣ ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬዋን ብሉ። ቁጥር 6 ላይ አግቡ፣ ውለዱ፣ ልጆቻችሁንም ዳሩ። ቁጥር 7 የተወሰዳችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እሷም ጸልዩ። ቁጥር 10 ላይ 70 ዓመት ይላል። 70! ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ መመለሱን በዓይናቸው አያዩትም ማለት ነው። ቁጥር 11 ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሚመጣው። «በቅርቡ ሁሉ ነገር ይስተካከላል» ሚል ቃል ኪዳን አድርገው ሚልኩልህ ጓደኞችህ ክፋት የላቸውም፣ ግን እንደዛ አይልም። እዛው ባላችሁበት፣ ባልመረጣችሁት ቦታ፣ ስለ እናንተ ማስበውን እኔ አውቃለሁ ነው ሚለው፣ ቀጥሎም በፍጹም ልባችሁ ከፈለጋችሁኝ ታገኙኛላችሁ፣ ባቢሎን ሆናችሁም።

እናንተን ምርኮኞች ናችሁ ልል አይደለም፣ የነሱ ታሪክ የነሱ ነው። ግን ሰፈሩን ያጣ ሰው ይሄን ምዕራፍ ሲያነብ ከማናችንም በተሻለ ሚያየው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ደሞ ጎን ለጎን «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ» ብሎ ሚጀምረውን መዝሙር አንብብ፣ በሰማንያ አሐዱው፣ ማለትም 81 መጻሕፍት ባሉት በቤተክርስቲያናችን መጽሐፍ ቅዱስ፣ 136 ነው። በገናቸውን ዛፍ ላይ ሰቅለው ዝፈኑልን ሲሏቸው በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን ያሉት ሰዎች ናቸው፣ መጨረሻው ላይ ንዴታቸው ሚያስደነግጥ ነው፣ እግዚአብሔርም ይሄ ጸሎት አይሆንም ብሎ ከዳዊት ውስጥ አላስወጣውም። አንተም ንዴትህን ይዘህ ጸልይ።

ለእናትህ ደሞ፣ የአዲሱ ሰፈር አጥቢያ የትኛው እንደሆነ ጠይቅና አንድ እሁድ አብረሃት ሂድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ ሲኖር ትንሽ ቆዩ፣ ቡና ሚጠራት ሰው ከዛ ነው ሚገኘው። ለጊዮርጊስ በዓል ደሞ ሁለት ታክሲም ቢሆን ውሰዳት።

ጥያቄ፦ በስልክ ማንበብ እንደ ንባብ ይቆጠራል? ደሞ 66 መጻሕፍት ያሉትን መጽሐፍ ቅዱስ ነው ማነበው፣ 81ዱን ካልያዝኩ ችግር አለው?

መልስ፦ ይቆጠራል፣ ዳታውን ዘግተህ ከሆነ። ኖቲፊኬሽን እየመጣ ማንበብ ግን ይቅርብህ፣ ሦስት ቁጥር ሳትሄድ ሌላ ቦታ ነህ። ከቻልክ ግን የወረቀቱን ግዛ፣ በእርሳስ ጠርዙ ላይ ጥያቄህን ትጽፍበታለህ። ዓይናቸው ለደከመ አባትና እናቶች ኦዲዮው ትልቅ ጸጋ ነው። 66ቱን ይዘህ ጀምር፣ ወንጌሉ ያው ወንጌል ነው፣ ቀስ ብለህ 81ዱን ያዝ፣ የይሁዳን መልእክት ቁጥር 14 ስታነብ ሄኖክ ተናገረ ይልሃል፣ መጽሐፈ ሄኖክ ደሞ እጅህ ላይ ካለ ወደዛው ሄደህ ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ ብሔራዊ አካባቢ ያለን የመሥሪያ ቤት ጓደኛሞች ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት አብረን ማንበብ ጀምረን ነበር፣ ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም አለን። አስር ደቂቃ ሳንሄድ ክርክር ይሆናል፣ ሁለቱ ተኮራርፈው ቀሩ። እንተወው ወይ?

መልስ፦ አትተዉት፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። የሐዋርያት ሥራ 8ን ክፈቱና የኛን ሰው፣ የህንደኬን ጃንደረባ እዩት። ለስግደት ኢየሩሳሌም ደርሶ እየተመለሰ ነው፣ ሰረገላው ላይ ሆኖ ድምፁን አውጥቶ ኢሳይያስን ያነባል፣ ፊልጶስ የሰማውም ለዛ ነው። «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው አልተቆጣም፣ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ አዛዥ የነበረ ሰው እኮ ነው፣ መንገድ ላይ ላገኘው እግረኛ! ከዛ የጠየቀው ጥያቄ፣ ነቢዩ ስለ ማን ነው ይሄን ሚናገረው፣ ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ? ስለ ቤተ መቅደሱ ወይ ስለ ካህናቱ ክርክር አላነሳም፣ እፊቱ ስላለው ቃል ነው የጠየቀው።

እናንተም እንደዛ አድርጉ። አንድ ሰው ድምፁን አውጥቶ ምዕራፉን ያንብብ፣ ከዛ እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ያምጣ፣ ጥያቄው ግን ከዛ ምዕራፍ ቁጥር ጠቅሶ ይሁን፣ ካልተጠቀሰ ለሌላ ቀን። ያልተስማማችሁበትን ጻፉትና ኦርቶዶክሶቹ ለንስሐ አባታችሁ ወይ ለመምህር ውሰዱት፣ በአንድምታው፣ በአባቶች ትርጓሜ ማለት ነው፣ ምን እንደተባለ ይነግሯችኋል፣ ሌሎቹም ለአስተማሪያችሁ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለቱንም ሰምታችሁ አንብቡ። መዝሙር ስታነቡ ቁጥሩ ላይ እንዳትጣሉ ደሞ፣ በሰማንያ አሐዱው 22 የሆነው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በሌላው 23 ነው፣ አብዛኛው መዝሙር በአንድ ይበላለጣል። የተኮራረፉትን ሁለቱን አንዳችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጥሯቸው፣ ማርቆስ ምዕራፍ 1 ብላችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ።