ለሚወድቅ ሰሊጥ የሚሆን ካሜራ

«ከጓደኞቼ ጋር ሰሊጥ በቀለም የሚለይ ትንሽ ማሽን እየሠራን ነው። በርካሽ ካሜራ ስናነሳው ግን ፍሬው ተጣሞና ረዝሞ ይወጣል። ‹ሲሲዲ የሚባል ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚያወጣ ክፍል) ያለው ካሜራ ግዙ› ተባልን። ያዋጣል?» (ከአዘዞ)

መካሪያችሁ በሽታውን አውቆ መድኃኒቱን ስቷል። የእናንተ ካሜራ ምስሉን ረድፍ በረድፍ የሚያነሳ ነው፤ ሮሊንግ ሻተር ይሉታል። የመጨረሻው ረድፍ ተራው እስኪደርስ ሰሊጡ ወርዷል። ግማሽ ሜትር የወደቀ ፍሬ በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በሰከንድ አንድ ሺኛ ውስጥ 3 ሚሊሜትር፣ የራሱን ቁመት ያህል ይሄዳል። የሚያስፈልጋችሁ ፒክስሎቹ (ብርሃን የሚቀበሉት የሴንሰሩ ጥቃቅን ነጥቦች) ሁሉ እኩል ተከፍተው እኩል የሚዘጉበት ግሎባል ሻተር ነው፤ እሱ ደግሞ ዛሬ ሲሞስ በሚባለው በሌላው የሴንሰር ዓይነትም ይገኛል።

ብር ካጠራችሁ ያላችሁን ካሜራ አትጣሉት። መውደቂያውን ብርሃን በማያስገባ ሳጥን ክደኑ፤ ካሜራው ሁሉም ረድፍ ባንድ ላይ ክፍት እስኪሆን ረዘም አድርጎ ይክፈት፤ ያኔ ኤልኢዲውን ለሰከንድ አንድ አሥር ሺኛ ብልጭ አድርጉት። በዚያች ቅጽበት ፍሬው 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚወርደው።

«ለመሆኑ የሲሲዲና የሲሞስ ልዩነት ምንድን ነው?» (ከማራኪ)

ደቦ ወጥተው ድንጋይ በእጅ ሲቀባበሉ አይተህ ታውቃለህ? ሲሲዲ እንደዚያ ነው፤ እያንዳንዱ ፒክስል የያዘውን ኤሌክትሪክ ለጎረቤቱ እያቀበለ አንድ መውጫ ላይ ይቆጠራል። በሲሞስ እያንዳንዱ ፒክስል የራሱ ማጉያ አለው፤ ስለዚህ ይፈጥናል፣ ባትሪም ይቆጥባል። ሲሲዲን በ1969 የፈለሰፉት ቦይልና ስሚዝ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ያ ክብር ግን ዛሬ ለሲሲዲ ተጨማሪ ብር የሚያስከፍል አይመስለኝም።

«የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ለወባ ስላይድ ባለቀለም ካሜራ ልግዛ ወይስ ጥቁርና ነጭ?» (ከፒያሳ)

ባለቀለሙን ይግዙ። ወባውን የሚለዩት በማቅለሚያው ቀለም ነውና። እርግጥ ባለቀለም ሴንሰር ከ4 ፒክስል 2ቱን ለአረንጓዴ፣ 1ዱን ለቀይ፣ 1ዱን ለሰማያዊ ስለሚያካፍል ጥቃቅኑ ነገር ትንሽ ይደበዝዛል። ስላይድ ግን እንደ ሰሊጥ አይሮጥም፤ ትዕግሥቱ ካለዎት በጥቁርና ነጩ ካሜራ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት እያፈራረቁ 3 ጊዜ አንስተው ኮምፒውተር ላይ ማዋሃድ ይችላሉ።

«የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ በስልክ ሳነሳ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ሜጋፒክስሉ ስላነሰ ነው?» (ከአራዳ)

አይደለም እህቴ፣ ብርሃኑ ስላነሰ ነው። ፍላሹን ተዪው። ስልኩን የኋላ ካሜራው ወደ ላይ እንዲያይ ወለሉ ላይ አስተኝተሽ፣ በሰዓት ቆጣሪው 16 ጊዜ አንሺና ምስሎቹን በኮምፒውተር አማካይ አውጪላቸው፤ አሸዋው ወደ ሩብ ይወርዳል። መላእክቱ እንደሆኑ አይንቀሳቀሱብሽም።