ካውንቲው መስመሩን ሊያሰፋ ነው ላላችው እህታችን፣ እኔ ያለፍኩበትን ልንገርሽ

እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ አይቼው በስልክ ልመልስ ብዬ ረዘመብኝ፣ አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፈው። ላላነበባችሁ፣ እህታችን የጠየቀችው እዚህ ዋሽንግተን ስቴት ፒዩጄት ሳውንድ በሚባለው ባሕር ዳር ካለው ቤቷ አጠገብ ያለውን መሬት ካውንቲው (የአካባቢው መስተዳድር) የኧርባን ግሮውዝ ኤሪያ፣ ማለት የከተማ ማደጊያ፣ መስመሩን አስፍቶ ሊያስገባው ነው፣ ታውንሃውስና አፓርታማ ሊመጣበት ነው የሚል ፖስትካርድ ደርሷት፣ መቃወም ይቻላል ወይ፣ ጠበቃ የግድ ነው ወይ፣ ወይስ ሸጠን እንውጣ ነው የምትለው። ከሥር ሁለት ሦስት ሰው «መንግሥት ከወሰነ ወሰነ ነው፣ ጊዜሽን አታባክኚ» ብላችኋል። ይገባኛል፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን፣ አገር ቤት አጥርሽ ላይ ቀይ ቀለም ከተቀባ በኋላ ለማን አቤት ይባላል። እዚህ ግን ይከሰሳል። እኔ አድርጌዋለሁ፣ ግማሹን አግኝተን ግማሹን አጥተን ነው የወጣነው፣ ያጣነውን ያጣነው ደሞ ቀን ስላለፈብን ነው፣ አንቺ ላይ እንዳይደርስ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

ቤቴን የገዛሁት በ2011 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ ዋጋ ወድቆ በነበረ ጊዜ፣ ከውሃው ከፍ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ ቤት ነው። በ2016 መንገዱ ዳር ትልቅ ነጭ ሰሌዳ ተተከለ፣ እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ በመኪና እያለፍኩት ምን እንደሚል አላነበብኩትም። ከኛ ጎን ያለውን ወደ 40 ኤከር የሚሆን መሬት ከገጠር ክልል አውጥቶ የከተማ ማደጊያ ውስጥ ለማስገባት የቀረበ ሐሳብ ነበር። በ5 ኤከር አንድ ቤት ይፈቀድበት የነበረ ቦታ በአንድ ኤከር ስምንት ቤት ሊሆን ነው ማለት ነው።

ፐብሊክ ሂሪንጉ ላይ፣ ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ ላይ፣ ሄድኩ። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ተነስቼ፣ ሃያ ዓመት ሌሊት ታክሲ ነድቼ፣ ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም ሁለት ሺፍት ሠርታ የገዛነው ቤት ነው፣ ፊቱ ሊዘጋ ነው፣ ዋጋው ሊወድቅ ነው አልኩ፣ ድምፄም ተቆረጠ። ሰው አጨበጨበ። ስንወጣ አንዲት ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ ልጄ ሁሉም አዝኖልሃል፣ ግን ከተናገርከው ውስጥ ነገ ቦርዱ ፊት የሚቆምልህ አንድም የለም አሉኝ። ያን ቀን አልገባኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ስቴት ከ1990 ጀምሮ ግሮውዝ ማኔጅመንት አክት የሚባል ሕግ አለ፣ ካውንቲዎች ከተማው እስከየት እንደሚያድግ መስመር እንዲያሰምሩ የሚያስገድደው እሱ ነው። ካውንስሉ፣ ማለት የካውንቲው ምክር ቤት፣ መስመሩን ሲቀይር አልስማማም የምትይ ከሆነ መጀመሪያ የምትሄጂው ተራ ፍርድ ቤት አይደለም፣ ግሮውዝ ማኔጅመንት ሂሪንግስ ቦርድ የሚባል አለ፣ እዛ ነው። ውሳኔው መጽደቁ በጋዜጣ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን አለሽ፣ 61ኛው ቀን ላይ ብትሄጂ የሚሰማሽ የለም። ከዚህ የሚብሰው ደሞ፣ ካውንስሉ ከመወሰኑ በፊት በቃል ወይ በጽሑፍ በጉዳዩ ላይ አስተያየት ያልሰጠ ሰው ኋላ ቦርዱ ጋ የመቆም መብት የለውም፣ የምታነሺውም ነጥብ ያኔ ከተናገርሽው ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ስለዚህ አሁን፣ ገና ሳይወሰን፣ የምትጽፊው አንድ ገጽ ኢሜይል ከስድስት ወር በኋላ ከምትቀጥሪው ጠበቃ ይበልጣል። ይሄን ደግሜ ደግሜ ብለው ደስ ይለኛል። ብዙ ያገራችን ሰዎች ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው ጠበቃ ፍለጋ የሚሮጡት፣ ጠበቃው ፋይሉን ሲያገላብጥ ስማቸው የለም፣ አለቀ።

ምን ልጻፍ ካልሽ፣ ውሃው አይታየኝም፣ ቤቴ ዋጋው ይቀንሳል የሚለውን ተዪው። ያማል፣ አውቃለሁ፣ ግን ቦርዱ የሚያየው ካውንቲው ሕጉን ጠብቋል ወይ የሚለውን ብቻ ነው፣ የካውንቲውም ውሳኔ ትክክል ነው ተብሎ ነው የሚጀመረው፣ ስህተት መሆኑን ማሳየት ያንቺ ሸክም ነው። ለሚቀጥሉት 20 ዓመታት ይመጣል ለተባለው ሕዝብ አሁን መስመሩ ውስጥ ያለው መሬት አይበቃም ወይ፣ ለምን ይሄ ተጨመረ ብለሽ ጠይቂ። መግቢያ መንገዱ ስንት ነው፣ ፍሳሹ በየት ይሄዳል፣ የእሳት አደጋ መኪና በየት ይገባል፣ ማን ነው የሚከፍለው፣ እሱን ጠይቂ። ገደል ካለ ስለገደሉ፣ ሳልመን ዓሣ የሚወጣበት ጅረት ካለ ስለጅረቱ ጻፊ። ከውሃው ጠርዝ 200 ጫማ ድረስ ያለው ደግሞ በ1971ዱ የሾርላይን (የውሃ ዳርቻ) ሕግ ለብቻው ይታያል፣ እሱንም ጥቀሺ። እኔ ሁለተኛው ሂሪንግ ላይ ንግግሬን ትቼ ክረምት ዝናብ ሲጥል ከመንገዱ በታች ያለው ቱቦ ሞልቶ ጭቃው እንዴት እንደሚወርድ ያነሳሁትን 11 ፎቶ ቀን በቀን ጽፌበት አስገባሁ። ኋላ ቦርዱ ጋ የተጠቀሰው እሱ ነው፣ የታክሲው ታሪክ አይደለም። ገደል ስልሽ ደሞ ዝም ብዬ አይደለም፣ በዚሁ በኛ ስቴት ኦሶ የሚባል ቦታ ላይ መጋቢት 2014 ተራራው ተንሸራቶ 43 ሰው ሞቷል፣ ከሲያትል ወደ ኤቨረት የሚሄደው ባቡርም በየክረምቱ ገደሉ ሐዲዱ ላይ እየተናደ መንገደኛ ማጓጓዝ ያቆማል።

ካውንስሉ መስመሩን አጸደቀው። እኛም 14 ቤተሰብ ሆነን እንደ እድር አዋጥተን ለቦርዱ ፔቲሽን፣ ማለት አቤቱታ፣ አስገባን። ቦርዱ ጋ ያለጠበቃ ራስሽን ወክለሽ መከራከር ይፈቀዳል፣ እኛ ግን የመሬት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ለጽሑፉ ብቻ ቀጠርን፣ ቀሪውን ወረቀት ጡረተኛዋ ጎረቤቴና እኔ ሠራነው፣ ከኪሴ የወጣው በጠቅላላው ወደ 4,200 ዶላር ነው። ቦርዱ ፔቲሽኑ ከገባ በ180 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፣ ለኛም ወሰነ፣ የመንገዱንና የፍሳሹን ነገር ካውንቲው በቅጡ አላየውም ብሎ መለሰው። ተቃቀፍን፣ እልል ማለት ነበር የቀረኝ። በሳምንቱ ጠበቃው ደውሎ፣ ዴቨሎፐሩ፣ ቤቶቹን የሚሠራው ማለት ነው፣ ለታችኛው ክፍል የግንባታ ማመልከቻውን አሟልቶ ያስገባው ቦርዱ ከመወሰኑ በፊት ነው አለን።

ይሄ ቬስቲንግ የሚባለው ነው፣ እባክሽ በደንብ ያዢው። አንድ ዴቨሎፐር ማመልከቻውን አሟልቶ ባስገባበት ቀን ሥራ ላይ በነበረው ሕግ ነው የሚዳኘው፣ ሕጉ በኋላ ቢፈርስም። የዚህ ትልቁ ምሳሌ ፖይንት ዌልስ ነው፣ ሾርላይን ከተማ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከሪችመንድ ቢች አለፍ ብሎ ውሃው ዳር ያለው የድሮ ነዳጅ ማከማቻ፣ 61 ኤከር። ስኖሆሚሽ ካውንቲ በ2009 ከኢንዱስትሪ ቦታነት ወደ ኧርባን ሴንተር፣ ማለት ብዙ ቤት ተጠጋግቶ ወደሚሠራበት ቦታ፣ ቀየረው፣ 3,081 ቤት የሚይዝ ፕላን መጣ፣ መግቢያው ግን በሾርላይን በኩል የሚያልፍ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፣ ሾርላይን ደሞ ኪንግ ካውንቲ ነው፣ ማለት አንዱ ካውንቲ ይፈቅዳል ትራፊኩ ሌላው ካውንቲ ላይ ይወድቃል። ነዋሪዎቹ፣ የውድዌይ ከተማና የሾርላይን ከተማ ቦርዱ ጋ ሄደው ሚያዝያ 2011 አሸነፉ። ዴቨሎፐሩ ግን ማመልከቻውን ያስገባው ከዛ በፊት፣ በዚያው ዓመት በየካቲትና በመጋቢት ነበር። ጉዳዩ እስከ ስቴቱ ሱፕሪም ኮርት ሄዶ በ2014 ዴቨሎፐሩ በድሮው ሕግ የመዳኘት መብት አለው ተባለ። ሰዎቹ ግን አልተዉትም፣ በግንባታ ፈቃዱ (ፐርሚቱ) ሂደት ስለከፍታው፣ ስለሚንሸራተተው ገደል እየጻፉ ቀጠሉ፣ በ2018 የካውንቲው ሂሪንግ ኤግዛሚነር፣ የፈቃድ ጉዳይ የሚወስነው ሹም፣ ማመልከቻውን ውድቅ አደረገው። ሕንፃዎቹ አልተሠሩም። እንግዲህ ከ2009 ጀምሮ ቁጠሪው።

ላንቺ ጥሩ ዜናው በ2022 ሕጉ መሻሻሉ ነው። አሁን ካውንቲ የከተማ ማደጊያውን መስመር ሲያሰፋ ውሳኔው ወዲያው ሥራ ላይ አይውልም፣ ቢያንስ 60 ቀኑ እስኪያልፍ፣ ፔቲሽን ከገባ ደሞ ቦርዱ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪሰጥ ይቆያል። እኛን የጎዳን ቀዳዳ ተዘጋ ማለት ነው። ግን ፖስትካርዱን በደንብ አንብቢው፣ መስመሩን ማስፋት ነው ወይስ ቀድሞውኑ መስመሩ ውስጥ ያለን መሬት ዞኒንግ፣ ማለት ምን ሊሠራበት እንደሚፈቀድ፣ መቀየር ነው? ሁለተኛው ከሆነ ይሄ ጥበቃ አይሠራልሽም፣ በጣም ፈጣን መሆን አለብሽ። ከተማ ውስጥ ከሆንሽ ደሞ የ2023ቱ ሕግ አለ፣ ከ75 ሺህ ሰው በላይ ያለው ከተማ በመኖሪያ ቦታ በአንድ ሎት (ቁራሽ መሬት) ቢያንስ አራት ቤት እንዲፈቅድ የሚያስገድድ፣ እሱ ከስቴት የመጣ ነው፣ ጎረቤትሽ ዱፕሌክስ (ሁለት ቤት የያዘ ሕንፃ) ሊሠራ ነው ብለሽ ገንዘብሽን አታፍስሺ።

አንድ የከበደኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስብሰባዎቹ ላይ አብረውኝ ከሚቃወሙት ውስጥ «አፓርታማ ከመጣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚመጣ እናውቃለን» የሚሉ ነበሩ። እኔ እዛ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ በልቤ አልኩ፣ ያ ዓይነት ሰው ማለት እኔ ነኝ፣ የእህቴ ልጆች ናቸው፣ ኬንት ከተማ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ስድስት ሆነው ኪራይ በየዓመቱ እየጨመረባቸው ያሉት ናቸው። ተነስቼ ተናገርኩ፣ እኔ የምቃወመው ቤት መሠራቱን አይደለም፣ አውቶቡስ በማይደርስበት፣ አንድ መንገድ ባለበት፣ ገደል ሥር መሠራቱን ነው፣ ላይኛው መንገድ ባሱ ያለበት ላይ ሥሩ እኔ ደግፌ እፈርማለሁ አልኩ። ሁለት ሰዎች ከዛ በኋላ ሰላም አይሉኝም። አንቺም ከማን ጋር እንደምትፈርሚ እይ፣ የቡድኑን ደብዳቤ ሳታነቢ ስምሽን አታስገቢ። ልጆቻችን እዚህ ከተማ ቤት መግዛት አቅቷቸው ወደ ቴክሳስ እየሄዱ እያየን ቤት አይሠራ ብለን መጮህ ለኔ ልክ አይመስለኝም።

በመጨረሻ እኛ ጋ የሆነው፣ ካውንቲው የላይኛውን ግማሽ ከመስመሩ አወጣው፣ ታች 22 ቤት ተሠራ፣ ግን መንገዱ ሰፍቶ፣ የውሃው ቱቦ ተቀይሮ። ከዛ ወዲህ ጭቃ አልወረደም።

ሸጠን እንውጣ ወይ ላልሽው፣ አሁን ደንግጠሽ አትሽጪ፣ በተለይ በር እያንኳኳ ካሽ እገዛለሁ ለሚል ሰው፣ መስመሩ ከተቀየረ መሬትሽ ከዛሬው ሊበልጥ ይችላል፣ እሱም ያንን ስለሚያውቅ ነው የመጣው። እናትሽ አብረውሽ ካሉና ቤቱ በስማቸው ከሆነ፣ 61 ዓመት ከሞላቸው በገቢያቸው መጠን የፕሮፐርቲ ታክስ (የቤት ግብር) ቅናሽ አለ፣ የካውንቲው አሴሰር (የንብረት ገማች) ቢሮ ጠይቂ።

ዛሬ ማታ የፖስትካርዱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ ላኪልኝ፣ የፋይል ቁጥሩና የአስተያየት መዝጊያው ቀን ሥር ላይ በትንሹ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ኢሜይሉን ስትልኪ ደርሶኛል የሚል መልስ እንዲጽፉልሽ ጠይቂና መልሱን አስቀምጪው፣ የውሳኔው ኮፒም እንዲላክልሽ በጽሑፍ አመልክቺ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ የኛን ፔቲሽን ኮፒ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ጎረቤቶችሽንም ከቻልሽ ጥሪያቸው።