ትልቁ ወንዝ ነው እንዴ ቆሻሻው?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ እረፍት ሳገኝ መንጠቆ ይዤ እወጣለሁ። ከሰፈራችን ትንሽ ጅረት የማጠምዳቸው ዓሦች ሆዳቸው ሲቀደድ ያን ያህል ነገር የለውም። ከጉማራ ወንዝ ታችኛው ክፍል፣ ጣና ሊገባ ሲል፣ የያዝኳቸው ግን ጉድ ናቸው! ከትንንሾቹ ሆድ ጥብጣብ የመሰለ ነጭ ትል ይወጣል፣ ሥጋቸው ላይ ቢጫ ፍሬ ነገር አለ፣ ስንጥባቸው ላይ ደግሞ ሌላ። ውሃው ተበክሎ ይሆን? ይበላልስ?

መልስ፦ የለም ወንድሜ፣ ብክለት ላይ አትቸኩል። ያየኸው የሙሉ ሰፈር ምልክት ነው፤ ትሉ ለመኖር የሚፈልጋቸው ፍጥረታት ሁሉ እዚያ አሉ ማለት ነው።

ነጩ ጥብጣብ ሊጉላ የሚባል ጥገኛ ትል ሳይሆን አይቀርም፤ በጣና ባርበስ በሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ላይ የታወቀ ነው። እንቁላሉ ከወፍ ኩስ ጋር ውሃ ውስጥ ይወድቃል፣ ሲፈለፈል የአሸዋ ቅንጣት የምታህል የውሃ ፍጥረት ትውጠዋለች፣ እሷን ዓሣው ይበላታል፣ ዓሣውን ደግሞ ወፍ ይበላውና ትሉ እዚያ ሆኖ እንቁላል ይጥላል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አለቀ። ቢጫው ደግሞ ክሊኖስቶመም የሚባል ሌላ ትል ይመስለኛል፤ እሱ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል፣ ከዚያ ዓሣ፣ ከዚያ እንደ ሳቢሳ ያለ ዓሣ በል ወፍ።

አሁን ጅረትህን አስባት። በበጋ ኩሬ ኩሬ ሆና ትቀራለች፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ቀንድ አውጣውንም ምኑንም ጠራርጎ ይሄዳል፣ ያቺ ደቃቃ ፍጥረት በሚሮጥ ውሃ ውስጥ አትበረክትም፣ ወፉም ለሁለት ለሦስት ዓሣ ብሎ አይደክምም። ጉማራ ታች ላይ ግን ውሃው ይረጋል፣ የዓሣው ዓይነት ብዙ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ የስንጥብ ትሎች ከአንድ ዓይነት ዓሣ ሌላ አያውቁም፣ የዓሣው ዓይነት በጨመረ ቁጥር የእነሱም ዓይነት ይጨምራል። በዚያ ላይ በክረምት ነጭ ዓሣ የሚባለው ከጣና እንቁላል ሊጥል ሽቅብ ሲወጣ የሐይቁን ጥገኛ ጓዝ አድርጎ ይዞ ይመጣል።

ግን ልብ በል፣ የዓይነት ብዛትና የትል ብዛት አንድ አይደለም። በበጋ ኩሬ ውስጥ የተጨናነቁ ዓሦችን ብታይ፣ ቀንድ አውጣም ወፍም የማያስፈልገው፣ ከዓሣ ወደ ዓሣ ብቻ የሚተላለፍ አንድ የስንጥብ ትል ሊወራቸው ይችላል። ደግሞ ስታወዳድር እኩያ እኩያውን አድርግ። ያረጀ ዓሣ ብዙ ዘመን ስለበላ ብዙ ነገር ሰብስቧል።

መብላቱን ብላ። የሆድ ዕቃውን ቶሎ አውጥተህ፣ ቢጫውን በቢላ ነቅለህ፣ እስከ ውስጡ በደንብ ጥበሰው ወይ ወጥ ሥራው። ሐዋሳ ላይ እንደሚደረገው ጥሬውን በአዋዜ ልበል ካልክ ግን እኔ የለሁበትም፤ ቢጫው ትል አልፎ አልፎም ቢሆን ሰው ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያሳምማል።