መጀመሪያ ዛፉን ሳዪ

እህቴ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። ካረፉ 6 ወር እንደሆነና እንቅልፍ እንደራቀሽ ጽፈሻል። "ሥዕል ያጽናናል ሲሉ ሰማሁ፤ ከፊቷ ልጀምር ወይስ ከተፈጥሮ?" ነው ጥያቄሽ። እኔም በዚሁ ስላለፍኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከተፈጥሮ ጀምሪ። ፊታቸው ይቆይ።

አባቴ ሲያርፍ እኔ ያደረግኩት ተቃራኒውን ነበር። አርባው ሳይወጣ የመታወቂያ ፎቶውን ዘርግቼ ፊቱን ልስል ተቀመጥኩ። አፍንጫው እሺ አለኝ። ዓይኑ ላይ ስደርስ እጄ ተሳሰረ። 5 ወረቀት ቀደድኩ። መልኩን እየረሳሁት ነው የሚል ፍርሃት ገባኝና ጭራሽ ባሰብኝ።

ከዚያ ደብተርና እርሳስ ይዤ ጣና ዳር መውጣት ጀመርኩ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሐይቁ አጠገብ አንዲት ዋርካ አለች፤ በየቀኑ እሷኑ እስላለሁ። ዛፍ ቢበላሽብሽ አያስጨንቅም፤ ነገም እዚያው ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል፣ ግንዷ ወደ ሥር ሲጠጋ እንደ ነጠላ እጥፋት ተከፋፍሎ መሬቱን ጨብጦ እንደሚይዝ አየሁ። ስንት ዓመት በሥሯ ሳልፍ ልብ አላልኩትም። በዚያች 30 ደቂቃ የማስበው ቅርንጫፉ ወዴት እንዳዘነበለ ብቻ ነበር። ለኔ እረፍቱ እሱ ነው።

አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ሣር የተሠራ ታንኳ ሳልኩ። ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ባለቤቱ ዳር ያወጣና አቁሞ ያደርቀዋል። ሰውዬው በሁለት እጁ ደግፎ ሲያቆመው እየሳልኩ እንባዬ መጣ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወደ አባቴ ፊት የተመለስኩት መስከረም ላይ ነው። አሁንም ዓይኑን ስለፈራሁ በጎን አዙሬ ሳልኩት። አጎቴ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለው ሰው ነው። ትንሽ አየውና "ምነው አባትህን ባንድ ዓይን አስቀረኸው?" አለኝ። በኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት ከነሁለት ዓይናቸው ነው የሚሳሉት። በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሳሉት ክፉዎቹ ናቸው። ዘጌ ወርደሽ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ብታዪ ይገባሻል። እኔ አባቴን ያዞርኩት እንዳያየኝ ነበር።

በማግስቱ ፊት ለፊት ሳልኩት። ዓይኑን እንደ ድሮ ሠዓሊዎቹ ትልቅ አደረግኩት። ቁርጥ እሱን አይደለም። እናቴ ግን በጣቷ እየነካች "ቅንድቡ የራሱ ነው" አለች። አሁን ሳሎን ተሰቅሏል።

ዕቃው አያሳስብሽ። ደብተር፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ላጲስ። ቀለም በኋላ ይደርሳል። ለሰው ለማሳየትም አትቸኩይ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እንቅልፍ 6 ወር ሙሉ ከራቀሽ ሐኪም ማየት አለብሽ። እኔም ሥዕሉን ከሕክምና ጋር ነው የያዝኩት፤ ለብቻው ይበቃል ብዬ አልዋሽሽም።

ፍኖተ ሰላም ነኝ ብለሻል። ግቢያችሁ ውስጥ እናትሽ በእጃቸው የተከሏት ነገር ካለች ከእሷ ጀምሪ፤ ጌሾም ብትሆን። ቅጠሏን ቀርበሽ ሳዪ። ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ማየት እፈልጋለሁ።